ወደቡ ከከተማ ሲወጣ ሹፌሩስ?

የጅቡቲ አሮጌው ወደብ መሀል ከተማ ነው ያለው። ከተማዋ ራሷ በወደቡ ዙሪያ ነው የተቆረቆረችው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው ባቡር ጭነቱን ይጎትት በነበረበት ዘመን ይሄ ብዙም አያስቸግርም ነበር። ከ1990ው ጦርነት በኋላ ግን አሰብ ተዘጋብንና ጭነታችን ጅቡቲ ላይ ወደቀ። መንገዱን የኢትዮጵያ ታርጋ ሞላው፣ ተሳቢ በተሳቢ ሆነ።

ስለዚህ ወደቡን ወደ ዳር፣ ወደ ዶራሌ ማውጣቱ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው እላለሁ። ባሕሩ ጥልቅ ነው፣ ቦታው ሰፊ ነው፣ አዲሱ ባቡርም እዚያው ድረስ ይገባል። በግንቦት 2009 የተመረቀው ሁለገብ ወደብ 590 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቷል። በአሮጌው ወደብ መሬት ላይ ደግሞ የንግድ ቀጠና ለመገንባት በ2013 ከአንድ የቻይና ኩባንያ ጋር ተፈራርመዋል። ይገንባ፣ ደስ ይለኛል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ወደብ ከከተማ ሲወጣ ሹፌሩም አብሮ ይወጣል። መሀል ከተማ ሳለ ቢርበው፣ ቢያመው፣ የስልክ ካርድ ቢያልቅበት ትንሽ ተራምዶ ያገኛል። ዳር ላይ ሰፈሩ ሩቅ ነው፣ ፀሐዩ ግን ቅርብ ነው። በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በዚያ መንገድ ያለፈ ሰው ያየውን ነው የምናገረው፦ ሹፌርና ረዳት ተሳቢው ሥር፣ በጎማዎቹ መሀል ካርቶን አንጥፈው ይተኛሉ። ጎን ላይ የታሰረው ጀሪካን ውስጥ ያለው ውሃ ፊት ለመታጠብ እንኳ ይፈጃል። ጥላው ሲዞር ካርቶናቸውን ይዘው አብረው ይዞራሉ።

እና ይሄ የጅቡቲ ጉዳይ ብቻ ነው? አይደለም። ከወጪ ገቢ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚያ ነው፣ ትልቁ ደንበኛ እኛ ነን። የኛ ሰዎች ስለ ወደብ ታሪፍ ሊደራደሩ ሲቀመጡ ጣሪያ ያለው ማቆሚያ፣ የሚጠጣ ውሃ፣ መታጠቢያ፣ ሽንት ቤትና ማታም የሚሠራ ክሊኒክ አብሮ ጠረጴዛ ላይ ይቅረብ። ገንዘብ ካስፈለገ እኛም እናዋጣ፤ እቃው የኛ ነው፣ ልጆቹም የኛ ናቸው። ሹፌሩ ተራው ሲደርስ በስልክ የሚጠራበት አሠራርም ይኑር፤ ተራዬ ያልፈኛል ብሎ ቀኑን ሙሉ መኪናው ሥር እንዳይውል።