ስሙ ሳይነበብ የሚታወቅ ፖስተር

አንድ ድምፃዊ ነጠላ ዜማ ይለቃል። ሽፋኑ ጥቁርና ወርቃማ ነው። ብዙም ሳይቆይ የኮንሰርቱ ፖስተር ሮዝ ሆኖ ይመጣል። ስሙ አንዱ ላይ በእጅ ጽሑፍ፣ ሌላው ላይ በወፍራም ፊደል ተጽፏል። ክሊፑ ደግሞ ከሁለቱም አይገናኝም። ለየብቻቸው ሲታዩ ሁሉም ቆንጆ ናቸው። የአንድ ሰው ሥራ መሆናቸው የሚታወቀው ግን ስሙ ሲነበብ ብቻ ነው። ስልኩን በአውራ ጣቱ እየገፋ የሚያልፍ ሰው ደግሞ ለማንበብ አይቆምም።

ጥፋቱ የዲዛይነሮቹ አይመስለኝም። ሽፋኑን አንዱ፣ ፖስተሩን የኮንሰርቱ አዘጋጅ ያመጣው ሌላው፣ ክሊፑን ሦስተኛው ይሠራዋል። ለሁሉም የሚነገራቸው «አሪፍ አድርገህ ሥራው» ነው። እያንዳንዱ አሪፍ የመሰለውን ይሠራል። መልክ መምረጥ የድምፃዊው ድርሻ ነው፤ የሚመረጠውም የመጀመሪያው ሥራ ከመታዘዙ በፊት ነው።

ብዙ ነገር መምረጥ አያስፈልግም። ዘ ኋይት ስትራይፕስ የተባለው የሁለት ሰው ባንድ ቀይ፣ ነጭና ጥቁር ብሎ ወሰነ። ልብሱም፣ የአልበም ሽፋኑም፣ ከበሮው ሳይቀር በእነዚሁ ቀለማት ነበር። እንግሊዛዊቷ ድምፃዊት ቻርሊ ኤክስሲኤክስ እ.ኤ.አ. በ2024 ላወጣችው አልበም የመረጠችው አንድ ደማቅ አረንጓዴና ደብዘዝ ያሉ ፊደላትን ነው። ሽፋኑ ላይ ፎቶዋ እንኳ የለም። ሰው ግን ያንን አረንጓዴ ባየ ቁጥር እሷን ያነሳ ነበር።

ከቀለም ይልቅ የሚረሳው ብርሃን ነው። አንዱ ፎቶ ስቱዲዮ ውስጥ በፍላሽ፣ ሌላው ጎዳና ላይ በምሽት መብራት ከተነሳ፣ ተመሳሳይ ፊደል ቢለጠፍባቸውም አይገጥሙም። ብሉ ኖት የተባለው የሙዚቃ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና 60ዎቹ ያወጣቸውን የጃዝ አልበሞች ተመልከቱ። ፎቶ አንሺው ፍራንሲስ ዎልፍ ሙዚቀኞቹን ቀረጻ ላይ እያሉ ያነሳቸዋል፤ ጀርባው ጨለማ ነው፣ ብርሃኑ ፊትና እጅ ላይ ያርፋል። ዲዛይነሩ ሪድ ማይልስ ፎቶውን ይቆርጠዋል፣ በአንድ ቀለም ይነክረዋል፣ ፊደሉን እንደልቡ ያሰልፈዋል። ሽፋኖቹ አንዱ ሌላውን አይደግምም። ግን ከሩቅ ይታወቃሉ። አንድ ወጥ መልክ ስል ይህን ማለቴ ነው፤ ያንኑ ፎቶ ሁሉም ቦታ መለጠፍ መልክ አይሆንም።

«አርቲስት ይለወጣል፣ ለምን ይታሰራል?» የሚሉ አሉ። ይለወጥ! እንግሊዛዊው ድምፃዊ ዴቪድ ቦዊ ስንቴ ተለወጠ? አዲስ አልበም ሲመጣ አዲስ መልክ መምጣቱ ያምራል። የሚያሳዝነው በአንዱ አልበም ውስጥ አምስት መልክ ማየት ነው።

የተወሰነው ነገር አንድ ገጽ ላይ ይስፈር፦ የቀለሞቹ መለያ ቁጥር (ኮድ)፣ የፎንቱ ስም፣ የስሙ አጻጻፍ፣ ሁለት ሦስት የናሙና ፎቶዎች። ሽፋኑ ስልክ ላይ በጣት ጥፍር ልክ ሲታይ ይለይ እንደሆነ ይሞከር። ስክሪን ላይ የሚያበራ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ቀለም፣ ወረቀት ላይ ይደበዝዛል፤ የማተሚያ ቀለም ያን ያህል ድምቀት የለውም። ስለዚህ ፖስተሩ በብዛት ከመታተሙ በፊት አንድ ቅጂ አሳትሞ ማየት ግድ ነው።

ከአዘጋጆች ጋር ግን ጠንከር ማለት ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ መልኩ የሚበላሸው እነሱ በጥድፊያ በሚያሠሩት ፖስተር ነው። ድምፃዊው ፎቶውንና የስሙን ፋይል አስቀድሞ ይላክላቸው። «ፖስተሩ ሳላየው አይወጣም» የሚል አንድ መስመርም ውሉ ውስጥ ያስገባ።