ከመምህር እስከ ጥበቃ፦ የወንጀል ሪከርዱ ያልታየ ሰው ትምህርት ቤት ይግባ?

የክርክሩ ሐሳብ፦ «በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚቀጠር ማንኛውም ሰው የወንጀል ሪከርዱ ሳይጣራ ሥራ መጀመር የለበትም።» ደጋፊዋ ለረጅም ጊዜ ትምህርት ቤት ያስተዳደሩ ርዕሰ መምህርት ናቸው። ተቃዋሚው የወንጀል ጉዳይ ጠበቃ ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ርዕሰ መምህርቷ

ይህ ነገር ሲነሳ ሰው ሁሉ ስለ መምህር ብቻ ያወራል። መምህሩ እኮ ክፍል ሙሉ ተማሪ እያየው ነው የሚውለው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ቁልፍ የያዘው ሰው ነው። ጥበቃው፣ ጽዳት ሠራተኛው፣ የሰርቪስ ሾፌሩ። ወላጅ ሲዘገይ አንዲት ልጅ ብቻዋን ግቢ ውስጥ ትቀራለች። ያን ሰዓት አብሯት ያለው ማን ነው?

በ2002 እንግሊዝ ውስጥ፣ ሶሃም በምትባል ከተማ፣ ሁለት የ10 ዓመት ልጆች ተገደሉ። ገዳዩ ኢያን ሃንትሊ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሕንፃ ጠባቂ ነበር። ከዚያ በፊት ይኖርበት በነበረው አካባቢ በአስገድዶ መድፈርና ዕድሜያቸው ካልደረሰ ልጃገረዶች ጋር ግንኙነት በማድረግ ለፖሊስ በተደጋጋሚ ተጠቁሞበታል። ያ ሁሉ እያለ ቁልፉን ተረከበ።

ስለዚህ አቋሜ አጭር ነው። የሚቀጠር ሁሉ አሻራ ይስጥ። ንጹህ ሰው ምን ያስፈራዋል?

ጠበቃው

«ንጹህ ሰው ምን ያስፈራዋል?» ይህን የሚሉኝ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ ረግጠው የማያውቁ ናቸው። ምን እንደሚያስፈራው እኔ ልንገርዎት።

ሪከርድ ሲባል የፍርድ ቤት ውሳኔ ብቻ ይመስልዎታል። አይደለም። ሰው ሲያዝ ይመዘገባል። በነጻ ሲለቀቅ ግን መዝገቡን ተመልሶ የሚያስተካክለው ብዙ ጊዜ የለም። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በ2006 ባወጣው ሪፖርት፣ የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ ጋ ከነበረው የእስር መዝገብ ግማሽ ያህሉ ጉዳዩ በምን እንደተቋጨ አያሳይም ነበር። ተፈረደበት? ተለቀቀ? መዝገቡ ዝም ነው። እርስዎ የሚተማመኑበት አሻራ የሚያወጣው ይህንን ነው።

አንድ ደንበኛዬ ትምህርት ቤት በወጥ ቤት ሠራተኛነት ለመቀጠር አመልክቶ ነበር። ከዓመታት በፊት በስርቆት ተጠርጥሮ ታስሯል። ሌባው ሌላ ሰው ሆኖ ሲገኝ ተለቀቀ። ወረቀቱ ላይ ግን «በስርቆት ተይዟል» የምትል አንዲት መስመር ቀርታለች። ቀጣሪዋ መስመሯን በእስክሪብቶ አሰመረችባት። ምን ሆነህ ነው ብላ አልጠየቀችውም። ወረቀቱን አጣጥፋ መለሰችለት። ይህ ሰው ንጹህ ነው። ፈርቶም ነበር። መፍራቱም ልክ ነበር።

ሃንትሊም ቢሆን በእነዚያ ጥቆማዎች አንድም ጊዜ አልተፈረደበትም። ያመጡት ምሳሌ ለእኔ ነው የሚመሰክረው።

ርዕሰ መምህርቷ

ሁለት ሕፃናት የተቀበሩበትን ጉዳይ «ለእኔ ይመሰክራል» ብለው ሲጽፉ እጅዎ አልተያዘም?

ታሪኩን እስከ መጨረሻው ይመልከቱት። ሰውየው ሥራውን ያመለከተው ኒክሰን በሚል ስም ነው። ያጣራው ፖሊስ ሃንትሊ የሚለውን ስም እንደሚገባ አላየም። ጥቆማዎቹ የደረሱት የሌላው አካባቢ ፖሊስ ደግሞ መረጃውን በወጉ አልያዘም። ጉዳዩን እንዲያጣራ መንግሥት የሾመው ቢቻርድ በ2004 ያወጣው ሪፖርት ይህን አንድ በአንድ ዘርዝሮታል። ማጣራት ዋጋ የለውም አላለም። የተጣራው በግዴለሽነት ነው አለ። እንግሊዝም በ2006 ሕግ አውጥታ ማጣራቱን አጠበቀች እንጂ አልተወችውም።

እነዚያ ጥቆማዎች ተሰብስበው አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀርቡ ያ ሰው ቁልፍ አይዝም ነበር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ባይደርስም።

ጠበቃው

ለእነዚያ ልጆች ያለኝን ሐዘን እርስዎ አይመዝኑልኝም። ይህን እዚህ ላይ ልተወው።

አሁን ግን የተናገሩትን ልብ ይበሉ። የተነሳነው ከወንጀል ሪከርድ ነበር። አሁን «ፍርድ ቤት ባይደርስም» አሉ። ጥቆማ ብቻውን ይበቃል ማለትዎ ነው። ስለ ደንበኛዬ አንድ ቃል አልተነፈሱም። መጨረሻው ስላልታወቀው ግማሽ መዝገብም እንደዚሁ።

ንጹሁን ሰው ግን አለቅልዎትም። በዚያችው በእንግሊዝ፣ ፍርድ ቤት ስሟን ደብቆ በአንድ ፊደል ብቻ የጠራት ሴት አለች። በ1999 አንድ ሳንድዊች ሰረቀች። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ 99 ፔንስ የሚያወጣ መጽሐፍ። ያኔ ቤት አልባ ነበረች። ሕክምና ያላገኘ የአእምሮ ሕመምም ነበረባት። በኋላ ድና፣ ተምራ፣ የመምህር ረዳት ለመሆን በቃች። ባመለከተች ቁጥር ግን ያ ስርቆት ቀድሟት ይደርሳል። ከአንድ በላይ ጥፋት ያለበት ሰው ጥፋቱ ምንም ያህል ትንሽና አሮጌ ቢሆን ሁሌም ይገለጽ የሚል ደንብ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2019 ይህ ደንብ ከልክ ያለፈ ነው ብሎ ፈረደ። በእርስዎ አነጋገር ይህች ሴት ንጹህ አይደለችም። ከሕፃናት ግን ምን ብለን እናርቃታለን?

ርዕሰ መምህርቷ

እኔ ሳንድዊች የሰረቀች ሴት ትባረር መቼ አልኩ? ከጻፍኩት ሁሉ አንዲት ዓረፍተ ነገር ይዘው ሙጭጭ ብለዋል። ሴትዮዋ ትምጣ፣ እኔው እቀጥራታለሁ።

እኔ የምፈራው ሰው ምንም ሪከርድ የለበትም። አንድ ጊዜ የአንድ አመልካች መምህር የቀድሞ አለቃ ጋ ደወልኩ። «ጎበዝ ነው» አሉኝ። ታዲያ ለምን ለቀቀ? ዝም አሉ። ቆይተው «በገዛ ፈቃዱ ነው» አሉ። ነገ ተመልሶ ቢመጣ ይቀጥሩታል ወይ ስላቸው ስብሰባ አለብኝ ብለው ስልኩን ዘጉት። እኔ አልቀጠርኩትም። ሌላ ትምህርት ቤት ቀጠረው።

አሜሪካኖች ይህን ደርሶባቸው አይተውታል። ትምህርት ቤቱ ስሙ እንዳይነሳ ብሎ ሰውየውን በድጋፍ ደብዳቤ ይሸኛል። ሰውየውም ሌላ ከተማ ሄዶ ሌሎች ልጆች ፊት ይቆማል። ፔንሲልቬንያ በ2014 የቀድሞ ቀጣሪዎች ሁሉ ይጠየቁ የሚል ሕግ አወጣች። በ2015 የወጣው የፌዴራል የትምህርት ሕግም ልጅ ላይ ወሲባዊ ጥቃት ማድረሱ የሚታወቅን ሠራተኛ ሌላ ሥራ እንዲያገኝ መርዳትን የሚከለክል ደንብ ክፍላተ ሀገራቱ እንዲያወጡ አስገድዷል። ንጹህ ወረቀት ይዞ የሚዞረው ይህ ሰው ነው፣ ጠበቃ።

ጠበቃው

በዚህ ነጥብ አልከራከርዎትም። ግን የቀድሞ አለቃ ዝምታ አሻራ ላይ አይወጣም። የሚፈሩትን ሰው ሪከርድ ካልያዘው ደንበኛዬ በምን ዕዳው ነው ሥራ የሚያጣው?

ጃፓንን ይዩ። በ2024 ያወጣችው ሕግ የሚጠይቀው የወሲብ ወንጀልን ብቻ ነው። ታስሮ ለወጣ 20 ዓመት፣ በገንዘብ ለተቀጣ 10 ዓመት ወደ ኋላ ይታያል። ምን እንደሚፈለግ ይታወቃል፣ እስከ መቼም ይታወቃል። እርስዎም ሦስት ነገር ይጻፉልኝ። ከልጅ ደኅንነት ጋር የሚገናኝ ወንጀል ብቻ ይታይ። የዓመት ገደብ ይኑረው። አመልካቹ አይሆንህም ከመባሉ በፊት ወረቀቱን አይቶ መልስ ይስጥ። እፈርማለሁ።

ርዕሰ መምህርቷ

ወረቀቱን ይየው፣ መልሱንም ይስጥ። የዓመት ገደቡን ግን ልጅ ለደፈረ ሰው አልቀበልም። 20 ዓመት አለፈ ብዬ የመጸዳጃ ቤቱን ቁልፍ አላስረክበውም። መልስ የሰጠም ሰው ቢሆን ነገሩ እስኪጣራ ግቢ አይገባም።

ጠበቃው

«እስኪጣራ» ያሉት ስንት ቀን ነው? ቁጥሩን ይጻፉት። ደንበኛዬ ከፖሊስ ማስተካከያ ደብዳቤ አምጥቶ ነበር። ይዞ ሲደርስ ቦታው በሌላ ሰው ተሞልቷል።