ሕመምተኛ ፍለጋ በዳታ፦ እዚህ አሜሪካና አገር ቤት

አሜሪካ ውስጥ ክሊኒክ የሚከፍት ሐኪም ከአልጋና ከመሣሪያ እኩል የሚያስብበት ነገር አለ፤ ጉግል ላይ መገኘት። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አበሻ ሌሊት ጥርሱን ሲያመው ስልኩን አውጥቶ በቅርቡ ያለ የጥርስ ሐኪም ይፈልጋል። ከላይ የሚመጡለት ብዙውን ጊዜ ለማስታወቂያ የከፈሉት ናቸው። ክሊኒኩ ስንት ሰው ማስታወቂያውን እንደነካ፣ ስንቱ እንደደወለ፣ ስንቱ በቀጠሮው እንደመጣ ይቆጥራል። አንድ አዲስ ታካሚ ለማግኘት ስንት ዶላር እንደወጣ ያውቃል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር አባላቱ ታካሚ ለመሳብ እንዳያስተዋውቁ ይከለክል ነበር። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1979 ክልከላው ይነሳ ብሎ አዘዘ። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1982 ትዕዛዙ ጸና።

በዚህ አሠራር የምወደው ነገር አለ። ቀጠሮ ሊደርስ ሲል ስልክ ላይ መልእክት ይመጣል። አማርኛ የሚናገር ሐኪም መርጦ መያዝ ይቻላል። ይህ ለእናቶቻችን ትልቅ ነገር ነው፤ የልጅ አስተርጓሚ ፊት የማይነገር ሕመም አለና።

የሚያስፈራኝ ሌላው ነው። ጉድአርኤክስ የመድኃኒት ቅናሽ ኩፖን የሚሰጥ ድርጅት ነው። የተጠቃሚዎቹን የጤና መረጃ ለፌስቡክና ለጉግል አሳልፎ ሰጥቷል ተብሎ በ2023 ተከሰሰና 1.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በዚያው ዓመት በኢንተርኔት የሥነ ልቦና ምክር የሚሰጠው ቤተርሄልፕም በተመሳሳይ ክስ 7.8 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ብዙ ሰው ሂፓ የሚባለው የ1996 ሕግ ሁሉንም የሚሸፍን ይመስለዋል። ሕጉ በዋናነት የሚይዘው ሐኪም ቤቶችንና የጤና ኢንሹራንሶችን ነው። ስልካችን ላይ የምንጭነው አፕ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ውጭ ነው። ጭንቀቱን ለአፕ የነገረ ሰው ግን ለሐኪም የነገረ ያህል ነው የሚያምነው።

አገር ቤት ገበያው ሌላ መልክ አለው። አሁንም ሰው ሐኪም የሚመርጠው ዘመድና ጎረቤት ጠይቆ ነው። «እገሌ ጋ ሂድ፣ እጁ ጥሩ ነው» ይባላል። ቲክቶክና ቴሌግራም ግን በፍጥነት እየገቡ ነው። የጥርስና የቆዳ ክሊኒኮች «በፊት» እና «በኋላ» የሚሉ ቪዲዮዎች ይለቃሉ። አንዳንዱ ላይ የታካሚው ፊት በግልጽ ይታያል። አንዳንዴ የሕፃን ፊት ነው። ይህን ሳይ በጣም አዝናለሁ። ወንበሩ ላይ አፉን ከፍቶ የተኛ ሰው «እንቅረጽህ?» ሲባል እምቢ ማለት ይከብደዋል። ሐኪሙን ማስቀየም የሚፈልግ ማን አለ?

ኢትዮጵያም አሁን ሕግ አላት። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። እንደ እኔ ግን ለቪዲዮ ፈቃድ መጠየቅ ካለበት ሕክምናው ካለቀ በኋላ ይጠየቅ፤ ወረቀቱንም ከሐኪሙ ሌላ ሰው ያቅርበው። እምቢ ያለ ታካሚ ቀጣይ ቀጠሮው እንደማይነካበት በግልጽ ይነገረው።

የአገር ቤት ክሊኒኮች ከአሜሪካው አሠራር የሚወስዱት ካለ የቀጠሮ ማስታወሻውን ይውሰዱ። የቴሌግራም ቻናላቸው ላይ ደግሞ የሐኪሙን ስፔሻሊቲ፣ የካርድና የምርመራ ዋጋውን፣ ሐኪሙ የሚገባበትንም ሰዓት ይጻፉ። ከክፍለ ሀገር ታማሚ ይዞ የሚመጣ ቤተሰብ ከመነሳቱ በፊት ማወቅ የሚፈልገው ይህንን ነው።