ትራንስ፦ በሙሉ አልበም ወይስ በነጠላ?

ትራንስ በኮምፒውተርና በኪቦርድ የሚሠራ፣ ምቱ የማይቋረጥ የጭፈራ ቤት ሙዚቃ ነው። ለክርክር የቀረበው ሐሳብ፦ «ትራንስ መደመጥ ያለበት አልበሙ ሳይቆራረጥ ከዳር እስከ ዳር ነው።» ደጋፊው ከደሴ፣ ተቃዋሚው ከኮምቦልቻ ናቸው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው።

ከደሴ፦

ሙዚቃ መጫኛ ቤት ሄዶ ትራንስ በሜሞሪ ያስጫነ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ለሬዲዮ ያጠረው ባለ 3 ወይም ባለ 4 ደቂቃው ነው። ያንን ሰምቶ «ይሄ ዱም ዱም ምኑ ይጥማል?» ቢል አልፈርድበትም።

ትራንስ ጊዜ ይፈልጋል። በደቂቃ 138 ጊዜ በሚመታ ሥራ 16 ባር፣ ማለትም 64 ምት፣ 28 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። አዲስ ድምፅ የሚገባውም የሚወጣውም በዚህ ልክ ነው። መጀመሪያ ኪኩ፣ ዱም ዱም የሚለው ከበሮ፣ ብቻውን፣ ቀጥሎ ወፍራሙ ባስ፣ ከዚያ ዜማው ታፍኖ ከሩቅ ይሰማና ያፈነው ማጣሪያ (ፊልተሩ) ቀስ በቀስ ሲከፈት እየጠራ ይመጣል። መሀል ላይ ከበሮው ጭልጥ ብሎ ይጠፋል፤ ዜማው ብቻውን አንድ ደቂቃ ያህል ይቆያል። ኪኩ ሲመለስ ልብ የሚያነሳው ጠፍቶ ስለከረመ ነው። ባጠረው ቅጂ ግን መጥፋቱ 15 ሰከንድ ብቻ ይሆናል። በ15 ሰከንድ ማን ይናፈቃል?

ጥሩ ሚክስ አልበም፣ ዲጄ ብዙ ሥራዎችን ሳያቋርጥ ያያያዘበት፣ ይህንኑ በሰፊው፣ በ74 ደቂቃ ሲዲ ላይ ይሠራዋል። ዲጄዎቹ ሳሻና ጆን ዲግዊድ በ1996 ያወጡት ባለ ሁለት ሲዲው «ኖርዘርን ኤክስፖዠር»፣ ዲጄ ቲየስቶ በ1999 የጀመረው «ኢን ሰርች ኦፍ ሰንራይዝ» ተከታታይ፣ ሁለቱም ዘፈን ዘፈኑን ነቅለው ቢያወጡት ግማሽ ጣዕማቸው ይቀራል። ለወሎ ሰው ደግሞ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። መንዙማው ዝግ ብሎ ይገባል፣ ድቤው ይጠነክራል፣ ተቀባዩ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ይገፋል። ከመሀሉ 4 ደቂቃ ቆርጣችሁ ስጡኝ የሚል የለም።

ከኮምቦልቻ፦

ጋሼ፣ መንዙማውን ይተዉልኝ። እሱ ዱዓና ውዳሴ ነው፤ ከጭፈራ ቤት ሙዚቃ ጋር አንድ ሚዛን ላይ አይቀመጥም። ደግሞም አውጪው የሰዉን ሙቀት አይቶ ያስረዝማል፣ ያሳጥራል። ሲዲ ግን አንዴ ተቀርጾ ያለቀለት ነገር ነው፤ እርስዎ ሞቁም ቀዘቀዙም የሚቀጥለው ሥራ በተቆረጠለት ደቂቃ ይገባል።

ስሌቱም ከእርስዎ ጋር አይቆምም። በ74 ደቂቃ ውስጥ 13 ሥራ ከተደረደረ ለአንዱ የሚደርሰው 5 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ገደማ ነው። ያው ሥራ በ12 ኢንች ሸክላ ሲወጣ 8 ወይም 9 ደቂቃ ነበር። ታዲያ ቆራጩ ማን ሆነ? ትራንስ የተወለደውም ያደገውም በነጠላ ሸክላ ነው፤ ሙሉውን የፈለገ ኤክስቴንድድ የሚባለውን ረጅሙን ቅጂ ይፈልግ።

ሌላም ጣጣ አለ። ሚክስ አልበም በዘፈን በዘፈን ተከፋፍሎ ስልክ ላይ ሲጫን መጋጠሚያው ላይ ይደናቀፋል። ኤምፒ3 ድምፁን 1152 ናሙና (የድምፅ ቅንጣት) ባላቸው ጥቅሎች እየከፈለ ያሽጋል፤ አንዱ ጥቅል 26 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ሲያሽግ ጫፍና ጫፉ ላይ ዝምታ ይጨምራል። በ138 ከአንድ ምት እስከ ቀጣዩ 435 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ስለሆነ ያቺ ክፍተት እንደ ጉድጓድ ትሰማለች።

ከደሴ፦

አብሽር ወንድሜ፣ ለዚህ መላ አለው። አልበሙን ከሲዲው ስትገለብጥ አትከፋፍለው፤ አንድ ፋይል አድርገው። በ320 ኪሎ ቢት 74 ደቂቃው 178 ሜጋ ባይት ገደማ ነው፤ 8 ጊጋ ሜሞሪ ከ40 በላይ አልበም ይይዝልሃል። ስልኩ ላይ ቅደም ተከተሉን የሚያዘበራርቀውን ሸፍልንም፣ አንዱን ዘፈን እያደበዘዘ ሌላውን የሚያስገባውን ክሮስፌድንም አጥፋ። ዲጄው አንዴ ያያያዘውን ክሮስፌድ ደግሞ ሲያደበዝዘው መጋጠሚያው ላይ ድምፁ ይሰምጣል።

በአንድ ስፒከር ብቻም አትፍረድ። በ1996 የወጣው ሮላንድ ጄፒ-8000 የተባለው ኪቦርድ ለትራንስ የሰጠው ያ ሰፊ ድምፅ፣ ሱፐርሶው የሚሉት፣ ትንሽ ትንሽ የተዛነፉ 7 ሞገዶች ተደራርበው የሚፈጥሩት ነው። ግራና ቀኝ ተዘርግቶ የተቀረጸው አንድ ስፒከር ላይ ሲጨመቅ ይሳሳል። ባሱንማ የስልክ ስፒከር ከነጭራሹ አያወጣውም። ኢርፎን ይሻላል፣ ሁለቱም ጆሮ የሚሠራለት።

የሸክላው 8 ደቂቃ ደግሞ አያታልህ። መግቢያውና መውጫው አንዳንድ ደቂቃ ያህል ባዶ ከበሮ ነው፤ ዲጄው እንዲያያይዝበት ተብሎ የተተወ። እሱ ሲነሳ ስንት ቀረ? 6።

ከኮምቦልቻ፦

ባዶ ከበሮ ያሉት ለእኔ ባዶ አይደለም። ዜማው የሚቆምበት መሬት እሱ ነው።

ደግሞ ሁሉም ሰው 74 ደቂቃ የለውም። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አልበሙ ሳይጋመስ ቁልቁለቱ ያልቃል። ለዚህ መንገድ አራት ባለ 8 ደቂቃ ኤክስቴንድድ ይበቃል። በደቂቃ ከ130 ምት ጀምሮ በሁለት በሦስት ምት እየጨመሩ እስከ 136 መውጣት፣ ከዚያ በአራተኛው መርጋት። ዝላዩ ከዚያ ከበዛ ጆሮ ይነቃል። ለመዝጊያ የሮበርት ማይልስን «ችልድረን» የሚያክል የለም። ሰውየው ከጭፈራ ቤት ሲመለሱ በመኪና አደጋ የሚያልቁትን ወጣቶች አስቦ፣ ሌሊቱ በረጋ ፒያኖ እንዲዘጋ ብሎ የሠራው ነው።

ከደሴ፦

አራቱን በቅደም ተከተል ደርድረህ መዝጊያም ካበጀህለት፣ አልበም ሠራህ እኮ!

ከኮምቦልቻ፦

የለም ጋሼ። እኔ ነገ ሁለተኛውን አውጥቼ ሌላ እተካበታለሁ፤ የእርስዎ ሲዲ ላይ ሞክሩት እስቲ።