ይድረስ ለክቡር «ዝርዝር የለም»

ባሉበት

ጉዳዩ፦ ያልተመለሰ መልስን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ከረሙ? እኔ ከመልሴ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ።

ማን እንደሆንኩ ላያስታውሱ ይችላሉ። አልፈርድብዎትም፤ እርስዎ የሚያዩት እጅ እንጂ ፊት አይደለም። ባለፈው ክረምት፣ ቤት ቁጭ ብዬ ጣሪያ ላይ የሚወርደውን ዝናብ ከማዳምጥ ትንሽ ልሥራ፣ በዚያውም አገር ልይ ብዬ ከአዲስ አበባ ሀዋሳ አክስቴ ጋ የወረድኩት ተማሪ ነኝ። ትምህርቴ አካውንቲንግ ነው። ሦስተኛ ዓመት መጨረሴ ነበር። አክስቴ ጋ ነው ያረፍኩት ይባላል እንጂ ክረምቱን ያሳለፍኩት ከእርስዎ ጋር ነው።

እናቴ ቀድማ ታውቅዎታለች። የምሄድ ዋዜማ ማታ አሥር አሥር ብሮች በመሀረብ ጫፍ ቋጥራ ሰጠችኝ። «ዝርዝር ከእጅሽ አይለይ፤ የሰው አገር ነው የምትሄጂው» አለችኝ።

ቋጠሮው ቃሊቲ መናኸሪያን አላለፈም። ሻንጣ ለጫነው፣ ሻንጣው እንዳይረጥብ ላስቲክ ላለበሰው፣ «ወንበር ይዤልሻለሁ» ላለው፣ ከዚያው ወንበር ላይ ለተነሳልኝ። መናኸሪያ ውስጥ ሁሉም የሚፈልገው ዝርዝሬን ነው። ረዳቱ ሂሳብ ሊሰበስብ ሲመጣ በእጄ የቀሩት ድፍን ሁለት መቶዎችና አንዲት ሃምሳ ብር ነበሩ። ድፍኖቹን ተቀበለ፣ ቆጠረ፣ ጆሮው ላይ የሰካውን እስክሪብቶ አውርዶ ትኬቴ ጀርባ ላይ «30» ብሎ ጻፈ። «ስትወርጂ ትወስጃለሽ።»

ይህ መንገድ ያምራል ይባላል። ሞጆን አልፎ ወደ ስምጥ ሸለቆ ሲገባ ዝዋይ ሐይቅ በግራ ነው፤ ቆየት ብሎ አብያታ በቀኝ፣ ላንጋኖ ደግሞ በግራ ይመጣል። እኔ ሐይቆቹን ከጂኦግራፊ መጽሐፍ ነው የማውቃቸው። ያን ቀን ዓይኔ የተተከለው ረዳቱ ማጅራት ላይ ነበር። መቂ ላይ ቲማቲም ሊገዛ ሲወርድ ልቤ አብሮት ወረደ። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ «ትንሽ ተኚ እንጂ ልጄ» ሲሉኝ «ጥበቃ ላይ ነኝ» ማለት አፍሬ ዝም አልኩ።

ሻሸመኔ ላይ ግን አንድ ነገር ሆነ፤ እርስዎ በቦታው ስላልነበሩ ልንገርዎት። አሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ በመስኮት ቆሎ አቀበለኝ፤ ሃያ ብር። ሃምሳዋን ሰጠሁት። ኪሱን ፈተሸ፣ የለውም። ወደ ጓደኛው ሮጠ። በዚህ መሃል አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። «ሄደ በቃ» ብዬ ቆሎዬን ጀመርኩ። ወዲያው ከጎን የሩጫ ድምፅ ሰማሁ። ልጁ ጭቃውን እየረገጠ፣ አንድ እግሩ ጫማ አጥቶ፣ ሦስት አሥር ብሮችን ጠቅልሎ በመስኮት ወረወረልኝ። የሴትዮዋ ጭን ላይ አረፉ። ምስጋናዬን ሳይሰማ ጫማውን ፍለጋ ተመለሰ። ክቡርነትዎ ያን ሰዓት ወዴት ሄደው ነበር? ወይስ ቆሎ ሻጭ ላይ ሥልጣን የለዎትም?

ሀዋሳ ስንደርስ ሥልጣንዎን አየሁ። ረዳቱ በር ላይ ቆሞ ትኬታችንን ሰበሰበ። ለእኔ 30 ብር፣ አጠገቤ ለነበሩት እማማ 40፣ ከኋላ ለነበረ ወጣት 30። አንድ ድፍን መቶ አውጥቶ ወጣቱ እጅ ላይ አኖረና «ለሦስት ተካፈሉ» አለ። ከዚያ የለም። መናኸሪያው መሃል ሦስት የማንተዋወቅ ሰዎች በአንዲት ወረቀት ታስረን ቀረን። እማማ ዶሮ ታቅፈዋል። ወጣቱ ይርጋለም የሚሄድ መኪና እያመለጠው ነው። ሱቅ ገባን፦ «ዝርዝር የለም።» ሌላ ሱቅ፦ «ዝርዝር የለም፤ ብትገዙ እንኳ።» በመጨረሻ አንዲት የጀበና ቡና የምትሸጥ ልጅ ተገኘች። «ሦስት ቡና ከጠጣችሁ እዘረዝራለሁ።» ቡናው ሃያ ሃያ ብር ነው። ጠጣን። መልሱ አርባ ብር። አርባው የእማማ ነው፤ ወሰዱት። የእኔና የወጣቱ ስልሳ ብር ቡና ሆኖ፣ ያውም የእማማን ጨምሮ፣ ተጠጣ። ሦስት ዓመት ሂሳብ ተምሬ እንዲህ ንጹሕ ሆኖ የተዘጋ መዝገብ አላየሁም። እማማ «ሀብት አይጉደልባችሁ ልጆቼ» ብለው መርቀው ዶሯቸውን አቅፈው ሄዱ።

አሁን ወደ ሥራዬ ልግባ፤ እዚያ እንኳ በደንብ ተዋውቀናል። ፍቅር ሐይቅ አካባቢ አንድ ካፌና ሬስቶራንት ካሸር ሆኜ ገባሁ። አሠሪዬ በመጀመሪያው ቀን ያሳዩኝ ሁለት መሳቢያ ነው። የላይኛው የሚከፈተው ነው። የታችኛው አሥር ብሮችና አምስት ብሮች በላስቲክ ታስረው የተደረደሩበት ነው። «ይሄ አይነካም» አሉኝ። «ለምን ነው ታዲያ ያለው?» ስል «ለክፉ ቀን» አሉ። ክፉው ቀን መቼ እንደሆነ አልተነገረኝም። እኔ እስከማውቀው፣ ቅዳሜ ከሰዓት አዲስ አበቤው በሙሉ ዓሣ ሊበላ ሲወርድ እንኳ አልመጣም።

ማታ ሂሳብ ሲዘጋ ሕጉ አጭር ነው። ገንዘብ ከጎደለ ከደሞዜ ይቆረጣል። ከበለጠ የቤቱ ነው። ትምህርት ቤት ያልተከፈለ ገንዘብ ዕዳ ይባላል ብለውን ነበር፤ እዚያ «ትርፍ» ይሉታል። ከየት እንደሚመጣ ለመገመት ደግሞ ኦዲተር መሆን አያስፈልግም። ለሀያ ሰው «አምስት ብር ዝርዝር የለም» ከተባለ ማታ መቶ ብር አለ። ከአዲስ አበባ በቤት መኪና የመጣው እንግዳ «ተይው» ብሎ ይወጣል፤ አምስት ብር ለእሱ ምን ናት? ችግሩ «ተይው» የማይለው ላይ ነው።

አንዲት ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ የምትሰፋ ልጅ በየሳምንቱ እሑድ ትመጣ ነበር። ሁልጊዜ ሻይና አንድ ቦምቦሊኖ። ሁልጊዜ የሚተርፋት አምስት ብር ነው። «ዝርዝር የለም» ስትባል አትከራከርም፣ አትቆጣም፣ አትሄድምም። ባንኮኒው ጫፍ ላይ ጣቷን አሳርፋ ዝም ብላ ትቆማለች። ወረፋው ያልፋል፣ እሷ አለች። አስተናጋጁ «የኔ እህት፣ ጨርሰሻል አይደል?» ይላታል። «አምስት ብር አለኝ» ትላለች፣ ለሰው እንዳይሰማ አድርጋ። የባጃጇ ነበረች፤ አንድ ቀን ዝናብ ይዞን ስናወራ ነው የነገረችኝ። መልሷን ካላገኘች እስከ ቤቷ በእግሯ ነው። እኔ ደግሞ እግሬ ሥር የታሰረ አምስት ብር አለ። ክፉው ቀን በየሳምንቱ እሑድ እንደሚውል በራሴ ወሰንኩና መሳቢያውን ከፈትኩ። አሠሪዬ ሲያዩ «በዚህ አያያዝሽ ካፌ አይኖርሽም» አሉኝ። እግዜር ይስጣቸው፣ ትንቢታቸው እስካሁን ሠምሯል።

ከዚህ በኋላ አንቱታው ይቅርብን መሰለኝ። አንተ ሰውዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሰው አምስት ብር ሲጎድለው ለምን አትመጣም? ያን ሁሉ ጊዜ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ደንበኛ ሂሳብ ጎድሎበት «ችግር የለም፣ ነገ ታመጫለሽ» ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ሲጎድልብን ባለቤቱ ይጠራል፣ ሲተርፈን አንተ ትጠራለህ። መንገድህ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው።

ዘመድህንም አጣርቻለሁ። መስከረም 2013 ላይ አሥር፣ ሃምሳና መቶ ብሮች ሲቀየሩ ሁለት መቶ የሚባለው አዲስ ልጅ ተወለደ። አምስት ብር ባለበት ቀረ። ከዚያ ወዲህ ኤቲኤም ፊት ስቆም የሚወጣልኝ ሁልጊዜ ይኸው ልጅ ነው፤ ይዤው ሱቅ ስገባ ደግሞ አንተ በር ላይ ቆመህ ትቀበለኛለህ። አንድ ብር ሳንቲምንም አገላብጬ አይቻታለሁ። በአንድ ፊቷ አንበሳ፣ በሌላው ሚዛን አለባት። ከእነ ሚዛኗ የት እንደገባች የምታውቀው አንተ ነህ። እናቴ «ድሮ በቤተ ክርስቲያን ደጅ አሥር ብር ሰጥተን የዘጠኝ ብር ሳንቲም እንገዛ ነበር» ትላለች። ለምጽዋት ነው። ያኔም ቢሆን አሥራትህን ትወስድ ነበር ማለት ነው።

ግንቦት 2013 ላይ ቴሌብር ሲመጣ ቀብርህ ደረሰ ተብሎ ነበር። ድንኳን ሳይጣል ተነሳህ። የአጎትህን ልጆች «ኔትወርክ የለም»ንና «ሲስተም የለም»ን በየበሩ አቆምካቸው። የአክስቴ ሰፈር ባለሱቅማ ቴሌብር ተቀባይ መሆኑን በትልቁ ጽፎ ለጥፏል፤ ልክፈል ስትለው «ስልኩ ቻርጅ ላይ ነው» ይላል። ክረምቱን ሙሉ ቻርጅ ላይ ነበር። መልስ ሲጎድል ማስቲካ ይሰጣል። የአክስቴ ትንሹ ልጅ ደጋፊህ መሆኑን ሳልነግርህ አላልፍም። ሱቅ ልሄድ ስነሳ «ድፍን ይዘሻል አይደል?» እያለ እስከ በር ይሸኘኛል።

ነሐሴ መጨረሻ ሥራዬን ጨርሼ ደሞዜን ድፍን በድፍን ተቀበልኩና ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አርባ ምንጭ ሄድኩ። እዚያ ከተማው ሁለት ነው፤ ታች ሲቀላ፣ ላይ ሴቻ። ባጃጅ ዳገቱን ሲወጣ ያቃስታል፣ ሹፌሩ ደግሞ መልስ ሲጠየቅ ያቃስታል። ሙዝ የምትሸጥ እናት ብቻ አልደነገጠችም። «ለቀሪው ሙዝ ልጨምርልሽ?» አለችኝ። ጨመረች፤ ከቀሪውም በላይ። ሙዝ እሺ። ሙዝ ይበላል።

ሴቻ ላይ፣ አባያና ጫሞ ሐይቆች በአንድ ዓይን የሚታዩበት፣ በመሃላቸው የእግዜር ድልድይ የተጋደመበት ቦታ አለ። እንደ ሰው ቁጭ ብለን ማኪያቶ ጠጣን። ቁጭ ብዬ ሐይቅ በወጉ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር ብልህ አታምንም፤ ዝዋይን እንዴት እንዳለፍኩት ነግሬሃለሁ። ሂሳብ መጣ፣ ድፍን ሰጠን፣ አስተናጋጁ ፈገግ ብሎ ተመለሰ። «ስልሳ ብር አላችሁ፣ ዝርዝር የለም፤ ነገ ስትመጡ ትወስዳላችሁ።»

ነገ! ነገ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መኪና አለን። ሻንጣችን እግራችን ሥር ተቀምጧል። አዲስ አበባ ቢሆን ገብቶኛል። የሰፈራችን ባለሱቅ የማን ልጅ እንደሆንኩ ያውቃል፣ ያለኝን ካርቶን ላይ ይጽፋል፣ በሦስተኛው ቀን በዳቦ ይመልስልኛል። እዚያ አንተም የሰፈር ሰው ነህ፣ ትታመናለህ። መንገደኛን «ነገ» ማለት ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው። ተማሪ ክረምቱን ሠርቶ የሚይዛት ገንዘብ ደግሞ እንዲሁ ስልሳ፣ ሠላሳ፣ አምስት እያለች የተሰበሰበች ናት፤ እንዲሁ እያለች ነው የምትበተነውም። በየከተማው ቀሪ ሂሳብ ያለኝ ባለሀብት ሆኛለሁ። ቅርንጫፎቼ ሀዋሳ፣ ሶዶና አርባ ምንጭ ይገኛሉ። ዋና መሥሪያ ቤቴ ዶርም ነው፤ እዚያ ግን ለሳሙና የሚሆን የለም።

ጓደኛዬ «ተይው» አለችኝ። አልተውኩም። ሻንጣዬ ላይ ተቀመጥኩና ያቺን የእሑድ ልጅ አስታውሼ እንደ እሷ ዝም አልኩ። ሁለት ጠረጴዛ ገብቶ ወጣ። አስተናጋጁ አንዴ አየኝ፣ ሁለቴ አየኝ፣ ወደ ውስጥ ገባ። ስልሳ ብር ይዞ መጣ። አሥር አሥር ብር ሆኖ፣ አዲስ፣ በላስቲክ የታሰረ።

ስለዚህ ከታችኛው መሳቢያ እንድትነሳ በአክብሮት እጠይቃለሁ። አልነሳም ካልክም የሥራ ሰዓትህን አስፋ። አምስት ብር ጎድሎኝ ባንኮኒ ፊት የቆምኩ ቀን ብቅ በልና በዚያ በሚጣፍጥ አንደበትህ «ተያት፣ ዝርዝር የላትም» በልልኝ። ማስቲካውን እኔ እችላለሁ፤ አራት ፍሬ ቦርሳዬ ውስጥ አለ።

መልስህን እጠብቃለሁ።

ግልባጭ፦
ለ«ነገ ትወስጃለሽ»፣ ነገ የሚባለውን ቀን ከነቀኑና ከነወሩ እንዲያሳውቀኝ
ለ«ሲስተም የለም»፣ ሲስተም ሲመጣ