የፍላታችን ሊዝ አሁን ይራዘም ወይስ አዲሱ ሕግ ይጠበቅ?

ለንደን ውስጥ ብዙ ወገኖቻችን የካውንስል ፍላታቸውን በራይት ቱ ባይ፣ ማለትም ተከራዩ የሚኖርበትን የካውንስል ቤት እንዲገዛ በሚፈቅደው መብት፣ ገዝተዋል። በእጃቸው ያለው ግን ሊዝ፣ ማለትም ፍላቱን ለተወሰነ ዘመን የመያዝ መብት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የ125 ዓመት። ዘመኑ ባጠረ ቁጥር የፍላቱ ዋጋ ይወርዳል፣ የማራዘሚያው ክፍያ ይንራል። በእንግሊዝና በዌልስ የ1993ቱ ሕግ በቀረው ዘመን ላይ 90 ዓመት የማስጨመር መብት ይሰጣል። በሜይ 2024 የጸደቀው ሕግ ጭማሪውን 990 ዓመት አድርጎ ክፍያውንም ያቀላል ተብሏል። ይህ ክፍሉ ግን ገና ሥራ ላይ አልዋለም። አንዲት ጸሐፊና አንድ ጸሐፊ በዚህ ላይ ተከራክረዋል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ይራዘም ባይዋ

ከሁሉ በፊት የሊዙን ወረቀት አውጡና ዘመኑ ከመቼ እንደሚቆጠር እዩ። ፍላቱን የገዛችሁበት ቀን ላይሆን ይችላል። በራይት ቱ ባይ በአንድ ሕንፃ ውስጥ መጀመሪያ የተሸጠው ፍላት ሊዝ የሚያበቃበት ቀን ከዚያ በኋላ ለሚሸጡትም ሊሠራ ይችላል። የማውቃቸው እናት በ1998 ሲገዙ "125 ዓመት" ሲባል ሰምተው እስከ 2123 ሐሳብ የለብኝም ብለው ነበር። ወረቀቱ ሲታይ ቆጠራው የሚጀምረው ከ1982 ነው። የሚያበቃው በ2107 ነው ማለት ነው። በ2027 ደግሞ የቀረው 80 ዓመት ብቻ ይሆናል።

80 ዓመት ለምን አስፈራኝ? ከ80 ዓመት በላይ ከቀረ የሕንፃው ባለቤት የሚከፈለው ፍላቱ ወደፊት ወደ እሱ ሊመለስ የነበረበት መብት ዋጋና የሚቀርበት የመሬት ኪራይ ነው። በራይት ቱ ባይ ኪራዩ በዓመት ከ10 ፓውንድ አይበልጥም፤ ስለዚህ ከቁጥር አይገባም። 300 ሺህ ፓውንድ ለሚያወጣ ፍላት፣ 80 ዓመት ገደማ ሲቀር፣ የወደፊቱን ዋጋ በየዓመቱ እየቀነሰ ወደ ዛሬ በሚያመጣው፣ አሁን በተለመደው የ5 በመቶ ስሌት የባለቤቱ መብት 6 ሺህ ፓውንድ አካባቢ ነው። መስመሩ ከታለፈ ግን ማሪጅ ቫልዩ የሚባለው ይመጣል። ሊዙ በመራዘሙ ፍላቱ ከሚያገኘው ተጨማሪ ዋጋ ግማሹን ለባለቤቱ መስጠት ግድ ይሆናል።

ይህን ማስቆም ደግሞ በእጃችን ነው። ሊዙ ይራዘምልኝ የሚለው ሕጋዊ ማስታወቂያ ለባለቤቱ በተሰጠ ቀን የስሌቱ ቀን ይቆለፋል። ድርድሩ ወራት ቢፈጅ እንኳ ዘመኑ የሚቆጠረው በዚያ ቀን በነበረው ነው። ድሮ ፍላቱን ከያዙ ሁለት ዓመት መሙላት ያስፈልግ ነበር። ያ ከጃንዋሪ 31 ቀን 2025 ጀምሮ ቀርቷል። ታዲያ ምን እንጠብቃለን?

ይጠበቅ ባዩ

እህቴ ስለ 80 ዓመት የጻፉት ልክ ነው። ለእነዚያ እናት እኔም ጠብቂ አልልም። ግን መስመሩን ያለፈው ሰውስ? 72 ዓመት የቀረው ፍላት እንውሰድ። ሊዙ ቢራዘም 300 ሺህ፣ ሳይራዘም 270 ሺህ ያወጣል እንበል። ልዩነቱ 30 ሺህ ነው። ከዚያ 9 ሺህ ያህሉ የባለቤቱ መብት ዋጋ ነው። የቀረው 21 ሺህ ለሁለት ይካፈላል፤ 10,500 ፓውንድ የባለቤቱ ድርሻ ይሆናል። አዲሱ ሕግ የሚያስቀረው ይህን 10,500 ነው። ዛሬ ከፍሎ ነገ ሕጉ ቢጀምር ገንዘቡን የሚመልስለት የለም።

ሌላም አለ። አሁን የምትከፍሉት ለራሳችሁ ሶሊሲተር (የሕግ ባለሙያ) እና ሰርቬየር (የቤት ዋጋ ገማች) ብቻ አይደለም። የባለቤቱንም ምክንያታዊ ወጪ የምትሸፍኑት እናንተ ናችሁ። በአዲሱ ሕግ በአብዛኛው ያ ይቀራል። የሕንፃ ባለቤቶች ሕጉን በመቃወም ከፍተኛው ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ነበር፤ በኦክቶበር 2025 ተሸነፉ። ሦስት እቁብ አጠራቅሞ የሚከፍል ሰው ይህን እያየ ለምን ይቸኩላል?

ይራዘም ባይዋ

ወንድሜ ስሌቱን ቆንጆ አድርገው ሠርተዋል፤ ግን አንድ ቁጥር ዘለዋል። ያ 5 በመቶ እንዳለ ይቀጥላል ያለን የለም። በአዲሱ ሕግ መጠኑን የሚወስነው መንግሥት ነው። 4 በመቶ ቢያደርገው፣ 80 ዓመት የቀረው የ300 ሺህ ፍላት 6 ሺህ የነበረው ክፍያ 13 ሺህ ይሆናል። ማሪጅ ቫልዩ ቀረ ብለን በደስታ ስንጠብቅ በሌላ በር ሊመጣብን ይችላል። እስኪታወቅ ድረስ ርካሽ ይሆናል ብሎ ለሰው መንገር ያሳስበኛል።

ባንኩንም አይርሱት። 72 ዓመት የቀረው ፍላት ሞርጌጁን ላድስ ቢል ብዙ አበዳሪዎች 70 አካባቢ ሲደርስ ፊታቸውን ያዞራሉ። የሚገዛው ሰውም ሞርጌጅ ካላገኘ፣ ጥሬ ገንዘብ ላለው ገዢ በወደቀ ዋጋ መሸጥ ነው። በሕይወት ውስጥ ደግሞ መሸጥ ሲመጣ ቀጠሮ ይዞ አይመጣም። ሕመም አለ፣ ፍቺ አለ፣ ወላጅ አገር ቤት ጠቅልሎ መግባት አለ።

ይጠበቅ ባዩ

ሊሸጥ ወይም ሞርጌጅ ሊያድስ ለተነሳ ሰው እስማማለሁ፣ ያራዝም። እኔ የምሟገተው ዕዳውን ጨርሶ፣ ልጆቹን እዚያው ቤት እያሳደገ፣ የትም ላልሄደ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሁለት ዓመት ቢጠብቅ ጣሪያው አይወሰድበትም። መጠኑ ወደ 4 ይወርዳል የሚለውም እስካሁን ስጋት ነው። ሕጉ ሲወጣ የተነገረው ዓላማ ማራዘሚያውን ርካሽ ማድረግ ነበር።

ከመጠበቅ ይልቅ የሚያስፈራኝ በችኮላ የሚፈረመው ነው። አንዳንድ ባለቤት ከሕጋዊው መንገድ ውጭ "ፈጥነን እንጨርስልህ" ብሎ ወረቀት ይልካል። ዘመኑን ወደ 99 ብቻ የሚመልስ፣ በቀረው የድሮ ዘመን የመሬት ኪራዩን የሚያስቀጥል ሊሆን ይችላል። ሕጋዊው መንገድ ግን ዛሬም 90 ዓመት ይጨምራል፣ ኪራዩንም ያጠፋል። ይህን ሳያውቁ የፈረሙ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ይራዘም ባይዋ

በዚህ እንኳ አንለያይም፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ሳይመረመር አይፈረም። ግን ወንድሜ "ሁለት ዓመት" ሲሉ ቀኑን ማን ነገራቸው? ሕጉ ከጸደቀበት ከ2024 ጀምሮ እየጠበቁ 81 የነበረው ሊዛቸው ከ80 በታች የወረደባቸው ሰዎች አሉ። 82 ወይም 81 ላይ ያላችሁ በዚህ ሳምንት አንድ ሰርቬየር ደውላችሁ ዋጋውን አስገምቱ። ነጻ ምክር የሚሰጥ የሊዝሆልድ አማካሪ አገልግሎትም አለ፣ መንግሥት ያቋቋመው። ማስታወቂያውን አስገብቶ መደራደር ይቻላል፤ ያለፈን የ80 ዓመት መስመር ግን መመለስ አይቻልም።