ፍሪጁን ልቀቁትና ጦጣዎቹን እዩ

አራተኛው የኢንዲያና ጆንስ ፊልም በ2008 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ከሦስተኛው 19 ዓመት ዘግይቶ። ይኸው እስከ ዛሬ ስድቡ ሁሉ ጀግናው በተደበቀበት ፍሪጅ ላይ ነው። "ሰው ፍሪጅ ውስጥ ተደብቆ ከኒውክሌር ፍንዳታ ይተርፋል?" እሺ፣ አይተርፍም! በሩ ላይ "በእርሳስ የተለበጠ" ተብሎ ቢጻፍም አይተርፍም። ግን በ1984ቱ ፊልም ሦስት ሰው በጎማ ጀልባ ከአውሮፕላን ዘሎ በረዶ ተራራ ላይ በሰላም ሲያርፍ ማን ጮኸ? በልጅነታችሁ ስላያችሁት ማራችሁት እንጂ ሌላ ምን ልዩነት አለው?

የሚያናድደው ሌላ ነው። በ1981 በወጣው የመጀመሪያው ፊልም ከጭነት መኪናው ሥር የሚጎተተው በሥጋና በደም ያለ ስታንትማን (አደገኛውን ትዕይንት ተዋናዩን ተክቶ የሚሠራ ሰው) ነው። መኪናው እንዳይደፈጥጠው መንገዱ መሃል ላይ ቦይ ተቆፍሮለታል። አቧራውን በአፍንጫችሁ የምትስቡት ነው የሚመስለው። የአራተኛው የጫካ ማሳደድስ? የኢንዲያና ልጅ በኮምፒውተር ከተሠሩ ጦጣዎች ጋር በሐረግ ሲወናጨፍ ሰውነቱ ክብደት የለውም፤ ሐረጉ ቅንጣት አይረግብም። ክብደት ከሌለ ደግሞ "ይወድቅ ይሆን?" የሚል ሰው የለም፤ ስጋቱ አብሮ ይጠፋል። ይህን ትዕይንት በዝምታ አልፎ ፍሪጅ መርገም ምን የሚሉት ነው?